አሥራ ሰባት ዓመት የዘገየ ሽኝት

ማክሰኞ ማክሰኞ ከምኖርባት ከካሊፎርኒያዋ ዳብሊን ባቡር ይዤ ኦክላንድ እወርዳለሁ። እዚያ አራት ጡረተኞች የምንገናኝባት አንዲት ዳቦ ቤት አለች። ሁላችንም በንጉሡ ጊዜ ተማሪ የነበርን፣ አሁን ጉልበታችንን የሚያመን፣ አፋችን ግን ገና ያላረጀ ሰዎች ነን። ያለ አጀንዳ ማውራት አንችልም። የዳቦ ቤቱ ወንበሮች የተቀየሩ ጊዜ ኮሚቴ ልናቋቁም ምንም አልቀረንም ነበር።

የሁላችን ታላቅ ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው፤ ጋሼ እንላቸዋለን። አዲስ አበባ በአንድ መሥሪያ ቤት የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊ ነበሩ። እዚህ መጥተው ሃያ ዓመት የመኪና ማቆሚያ ጠብቀዋል፤ በልባቸው ግን እስከ ዛሬ የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊ ናቸው። ጴንጤ ናቸው፣ ያውም አጥባቂ። ስለዚህ ጉዴን ልናገር በወሰንኩበት ማክሰኞ ከሁሉ አብልጬ የፈራሁት እሳቸውን ነበር።

የነገርኳቸው ይህን ነው። ሴት ልጅ አለችኝ ስላቸው የኖርኩት ልጄ ወንድ ነው። ሴት ተብሎ ቢወለድም ወንድ ሆኖ መኖር ከጀመረ ዓመታት አልፈዋል፤ እኔ ግን "ልጅቷስ?" ባሉኝ ቁጥር "ደህና ነች" እያልኩ ስዋሻቸው ነበር። ሥራው የአሜሪካ ጦር ሠራዊት ውስጥ ነው፣ የሄሊኮፕተር መካኒክ። አሁን መንግሥት እንደ እሱ ያሉ ሰዎች ሠራዊቱ ውስጥ አይቆዩም የሚል መመሪያ አወጣ። በፈቃድህ ውጣ፣ አለዚያ እናስወጣሃለን ተባለ። ሙሉ ጡረታው ሊደርስ ሦስት ዓመት ሲቀረው፣ ሁለት ሻንጣ ይዞ እኔ ቤት ገባ።

ስጨርስ አንዱ ስኳሩ ሟሙቶ ያለቀ ሻዩን ያማስላል። ሌላው መነጽሩን አውልቆ ይጠርጋል። ጋሼ ብቻ ትክ ብለው አዩኝ።

"የምስጋና ደብዳቤ ሰጡት?" አሉኝ።

"ምን?"

"ስንት ዓመት ነው ያገለገለው?"

"አሥራ ሰባት።"

"የሽኝት ፕሮግራምስ ተደረገለት?"

"ጋሼ፣ እያባረሩት እኮ ነው! ምን ሽኝት አለ?"

ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱት። "ስማኝ። በልጅህ ነገር እኔ ላልስማማ እችላለሁ። እሱ በእሱና በጌታ መካከል ነው፤ እጸልይለታለሁ። ግን አሥራ ሰባት ዓመት የሠራ ሰው እንዲህ በባዶ እጁ አይወጣም! እኔ በስርቆት የተያዘ ዘበኛ ሳሰናብት እንኳን ደብዳቤ ጽፌለታለሁ። ለሚቀጥለው ማክሰኞ የአገልግሎት ታሪኩን በአንድ ገጽ ጽፈህ አምጣ። የምኖርበት ሕንፃ ሰው የሚሰበሰብበት ኮሚኒቲ ሩም አለው፤ ቡክ አደርገዋለሁ።"

ከዚያ ናፕኪን ስበው በዚያ የሚያምር የእጅ ጽሕፈታቸው ርዕሶቹን ጻፉልኝ፤ የሥራ ዘርፍ፣ የሠራበት ቦታ፣ ያስገኘው ውጤት፣ የታየበት ጉድለት። ስኳር የሚያማስለው ጓደኛችን "እኔ ኬኩን እችላለሁ" አለ። ባቡር ውስጥ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ አለቀስኩ። ደስ ብሎኝ ነው፤ ሌላ ምክንያት አልፈልግለትም።

ደስታዬ ቤት እስክገባ ነበር። ናፕኪኑን ዘርግቼ፣ ብዕሬን አንስቼ ሦስት መስመር ጻፍኩና ቆምኩ። የገባበትን ዓመት አውቃለሁ። ሄሊኮፕተር እንደሚጠግን አውቃለሁ። አንድ ጊዜ ከባሕር ማዶ የገና ካርድ እንደላከልን አስታውሳለሁ። አበቃ። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ "ሥራ እንዴት ነው?" ብዬ ጠይቄው አላውቅም።

ምክንያቱን ልናገር፤ ሰበብ ግን አይሁንልኝ። እኔ በወጣትነቴ ወታደር የደበደበኝ፣ ወታደር ያሰረኝ ሰው ነኝ። ቤቴ ዩኒፎርም አይገባም ብዬ ምዬ ነበር። ልጄ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ተመዝግቤያለሁ ሲለን ቤቱን በጩኸት አናጋሁት። የሚሄድ ዕለት ኤርፖርት የወሰደችው እናቱ ናት። እኔ ሳሎን ቁጭ ብዬ፣ የመኪናው ሞተር ሲነሳ እየሰማሁ፣ ጋዜጣ አነበብኩ። ማለቴ ያዝኩ እንጂ አላነበብኩም። ከዓመታት በኋላ ወንድ ነኝ ብሎ ሲነግረን እንኳን እንደዚያን ቀን አልተናደድኩም። ግራ ተጋባሁ፣ ሁለት ዓመት ያህል አኮረፍኩ፣ ከዚያ ለመድኩት። ዩኒፎርሙን ግን አልለመድኩትም።

ስለዚህ ወደ ፎቅ ጮኼ ጠራሁት። ወርዶ ናፕኪኑን አየና፣ "አባዬ፣ ዋት ኢዝ ዚስ?" አለኝ።

"የአገልግሎት ታሪክህ። ቁጭ በልና ከመጀመሪያው ንገረኝ።"

"ኦል ኦፍ ኢት?"

"ሁሉንም።"

ሦስት ቀን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥን። እሱ አማርኛውን ከሚናገረው ይበልጥ ይሰማዋል፤ እየደባለቀ ያወራል፣ እኔ እጽፋለሁ። ሄሊኮፕተር ከተጠገነ በኋላ ለሙከራ ሲነሳ የጠገነው መካኒክ አብሮ እንደሚሳፈር የሰማሁት ያኔ ነው። እኔ ሳን ሆዜ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት የጎርፍ መውረጃ ስነድፍ፣ ዝናብ ሲመጣ ቦዩ ውስጥ ግባ ያለኝ የለም። ቢሉኝ ኖሮ በማግስቱ ሥራ እለቅ ነበር። ልጄ ግን የእጁን ሥራ አምኖ ስንቴ እንደተነሳ ቁጥሩን አያውቀውም። አንድ የጎርፍ ጊዜም ከቤታቸው ጣሪያ ላይ ያነሷቸው አሮጊት ውሻቸውን ካልያዝኩ አልሄድም ብለው፣ ውሻውን ጭኑ ላይ ይዞ እንደበረረ ነገረኝ። ውሻው ነክሶታል። ጠባሳውን አሳየኝ፤ አይቼው አላውቅም ነበር።

ስለ ደንቡም ነገረኝ። ሲቀጠር እንደ እሱ ያለ ሰው አይፈቀድም ነበር፤ ስምንት ዓመት አፉን ይዞ ሠራ። ከዚያ ተፈቀደና ተናገረ። ቀጥሎ የመጣው መንግሥት በሩን ለአዲስ ገቢዎች ዘጋ፣ ከእሱ ቀጥሎ የመጣው ከፈተ፣ የአሁኑ ደግሞ እንደገና ዘጋው፤ በዚህኛው የቆዩትም አልተረፉም። ሰውየው ያው አንድ ሰው፣ ሄሊኮፕተሩም ያው፣ የሚገለባበጠው ወረቀቱ ብቻ። ስጽፈው ተናድጄ ነበር።

"መጀመሪያ የነገርከው ለማን ነው?" አልኩት።

"ለአለቃዬ። ከእናንተ በፊት። ሶሪ።"

"ምን አለህ?"

"'ኦኬ። ነገ ጠዋት ሥራ ትገባለህ አይደል?' አለኝ። ዛትስ ኢት፤ በቃ።"

ከእኔ በፊት ሰምቷል ብዬ ለአንድ አፍታ ቀናሁበት። ቅናቴ ሲበርድ ግን ያን የማላውቀውን ሰውዬ ከልቤ መረቅሁት። እኔ ባኮረፍኩበት ዓመት ልጄን በሰላም ሥራ ያስገባ ሰው ነው፤ እግዜር ይስጥልኝ።

የቀረን የመጨረሻው ርዕስ ነበር፤ የታየበት ጉድለት። ልጄ "ናን! ምንም!" ብሎ ስቆ ወደ ፎቁ ወጣ። እኔ ብቻዬን ቁጭ አልኩና የሚገባውን ጻፍኩ።

ማክሰኞ ዕለት ጋሼ ገጹን ከላይ እስከ ታች አነበቡ። መጨረሻው ላይ ሲደርሱ ቀይ እስክሪብቷቸውን አወጡ። "ይህ ከፎርሙ ውጪ ነው" አሉኝ። ሊሰርዙት እጃቸውን ዘረጉ፣ ቆዩ፣ እስክሪብቷቸውን ወደ ኪሳቸው መለሱ። ወረቀቱንም አጣጥፈው ያዙት። በኋላ ቆርጠው ያወጡታል ብዬ ተውኩት።

ሽኝቱ የተደረገው ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ኮሚኒቲ ሩሙ ውስጥ እኛ አራታችን፣ ሚስቶቻችንና ከጋሼ ቤተ ክርስቲያን የመጡ ሁለት እናቶች ተቀመጥን። ኬኩ ላይ "እንኳን ለጡረታ አበቃህ" ተብሎ ተጽፏል፤ ለሠላሳ ስድስት ዓመት ሰው! ስጦታው እንደ ወጉ የግድግዳ ሰዓት ነው። ልጄ ሱፍ ለብሶ ፊት ወንበር ላይ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። ጋሼ ከረባታቸውን አስተካክለው የአገልግሎት ታሪኩን በሚኒስትር ድምፅ ያነቡ ጀመር። ውሻው ጋ ሲደርሱ ሰው ሳቀ። የሙከራ በረራው ጋ ሲደርሱ አንዷ እናት "ጌታ ሆይ!" አሉ። ከዚያ የመጨረሻውን ርዕስ አነበቡ።

"የታየበት ጉድለት፤ በእሱ በኩል ምንም የለም። በአባቱ በኩል፣ ሲሄድ አልሸኘውም።"

አንዲት ቃል አልቀነሱም። ልጄ መሬት መሬት ያይ ጀመር፤ እናቱ እጁን ያዘችው። እኔ የት እንደምገባ ጠፋኝ። ኬክ ሲቆረስ አጠገቤ መጥቶ ቆመ።

"አባዬ፣ ያንን መጻፍ አልነበረብህም" አለኝ።

"ፎርሙ ይጠይቃል" አልኩት።

ሳቀና ትከሻዬን ይዞ ቆየ። የጋሼን ውለታ በምን እንደምመልስ አላውቅም። ዛሬም በልጄ ነገር ከእኔ ጋር አይስማሙም፤ ዛሬም ማክሰኞ ማክሰኞ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ "ልጁስ?" ብለው ነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ኦክላንድ አውሮፕላን ማረፊያ የጥገና ሥራ አገኘ። የሚጀምርበት ሰኞ ማለዳ፣ ምሳውን ይዞ ሲወጣ፣ እኔ ጫማዬን አድርጌ በሩ ላይ ቆሜያለሁ።

"ወዴት ነው?"

"እስከ ባቡሩ አብሬህ እሄዳለሁ።"

"አባዬ፣ ሥራ ነው እኮ የምሄደው! ማታ እመለሳለሁ።"

"አውቃለሁ። ሂድ፣ ይረፍድብሃል።"

ጉልበቴ እንደልብ ስለማያስኬደኝ እርምጃውን ቀነሰልኝ። ጣቢያው ደርሰን፣ ከእሱ ጋር እስከ መሳፈሪያው ወጣሁ። ባቡሩ መጣ፣ ገባ፣ በሩ ተዘጋ። በመስኮቱ በኩል እያየኝ ሂድ አሁን፣ ግባ ቤት የሚል ምልክት በእጁ ያሳየኛል። ባቡሩ ከዓይኔ እስኪጠፋ ድረስ አልሄድኩም።