የሞተሩ ባትሪ

የባትሪ አሲድ ሽታ ዛሬም ባለሁበት ያቆመኛል። በቅርቡ እንኳ እዚህ ድሬዳዋ፣ ከቤቴ ማዶ ካለው ጋራዥ ደጃፍ አንድ ሰውዬ የባትሪ ክዳን ከፍቶ ውሃ ሲጨምር፣ ያ ጉሮሮ የሚቧጥጥ ጎምዛዛ ሽታ ወጥቶ መንገዱን ሲሞላውና አላፊ አግዳሚው አፍንጫውን ይዞ ሲጣደፍ፣ እኔ ዘንቢሌን እንዳንጠለጠልኩ ቆሜ ደጋግሜ ሳብኩት። የሌላ ሰው ልጅነት ትኩስ ዳቦ ወይም እርጥብ ሣር ይሸት ይሆናል፤ የእኔ ግን አሲድ አሲድ ይላል። ሽታው በመጣ ቁጥር እግሬ ለመሄድ ይቁነጠነጣል፣ የት እንደምሄድ ግን አላውቅም።

በልጅነቴ፣ ከድንበር ማዶ ሀርጌሳ ስንኖር ቤታችን መኪና ነበረች። አባቴ ጋሻው የመኪና ኤሌክትሪሺያን ነበርና፣ የመጀመሪያው ጦርነት አልፎ ሰዉ ወደ ፈረሰችው ከተማ ሲመለስ «እዚያ ሥራ አይጠፋም» ብሎ እናቴንና እኔን ይዞ ከጅግጅጋ ተሻገረ። እዚያም አንድ ፈረንጅ ባልና ሚስት የሚኖሩባትን፣ ውስጧ ተጣጣፊ አልጋ፣ ትንሽ ምድጃና እቃ ማጠቢያ ያላትን ነጭ መኪና ይጠግንላቸው ጀመር፤ ከተማው እንደገና መታመስ ሲይዝ እነሱ በአውሮፕላን ወጡና መኪናዋን ከነበሽታዋ ለእሱ ትተውለት ሄዱ። ያቆምናት ኤዶ ሳህራ ግቢ ውስጥ ነበር። ኤዶ በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው፤ እሷ ደግሞ የሰፈሩ ሁሉ አክስት ነበረች። የቤቷን ጣሪያ የመጀመሪያው ጦርነት ወስዶት በሸራ በተሸፈነች አንዲት ክፍል ትኖር ነበር፤ አንዲት ልጇ ሆዳንም በዚያው ሽሽት ከአባቷ ዘመዶች ጋር ወደ ደቡብ ሄዳ ወሬዋ ከጠፋ ዓመታት አልፈው ነበር። የዚያ አገር ሰው መኪናን «ጋሪ» ይላል፤ እማማ ታዲያ ሞተሩ አልነሳ ባለ ቁጥር «እውነታቸውን እኮ ነው፣ ፈረሱ ብቻ ነው የጎደለው» እያለች አባባን ታበግነው ነበር።

በጂላል፣ ዝናብ ጠፍቶ ሰማዩ ጥርት በሚልበት በደረቁ ወራት፣ አባባ ከብዙ ልፋት በኋላ ሞተሯን አስነሳ። እማማ ያን ዕለት እልል ብላ ጓዛችንን መሸከፍ ስትጀምር እሱ ግን «ቆይ፣ መብራት ሳይኖራት የት ትሄዳለች?» ብሎ ሌላ ሥራ ጀመረ። ዋሄን ገበያ ወርዶ ከተቆለለው ብረታ ብረት መካከል ጥጉ የተሰነጠቀ ሶላር አገኘና፣ በእማማ ነጠላ ጠቅልሎ እንደ አራስ ልጅ ታቅፎት መጣ። ጣሪያዋ ላይ በብረት እግር አቆመውና፣ በጂላል ፀሐይዋ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል ወደዚያ አጋደለው። ጠዋት ጠዋት ሽቦውን ከባትሪው ጋር ማገናኘት፣ ፀሐይ ስትጠልቅ መንቀል የእኔ ሥራ ነበር፤ ካልተነቀለ ቀን የተለቀመው ሁሉ ሌሊት ተመልሶ ወደ ሶላሩ ይፈሳል ብሎ ስላስፈራራኝ፣ እራቴን እየበላሁ እንኳ ነቅዬው ይሆን እያልኩ እሳቀቅ ነበር። እማማ ለሶላሩ «ፀሐይ ለቃሚ» የሚል ስም አውጥታለት ነበር።

ባትሪዎቹ ሁለት ነበሩ፣ ሁለቱም ከጭነት መኪና የወጡ። አንዱ አልጋው ሥር ሆኖ ለቤቱ፣ ለአምፖልና ለሬዲዮ ነበር፤ ሌላው ከሾፌሩ ወንበር ሥር ሆኖ ለሞተሩ ብቻ ነበር። ናፍጣ እንደ ልብ ስለማይገኝ ሞተሩን እያስነሱ ባትሪ መሙላት አይታሰብም ነበርና፣ አባባ በሁለቱ መካከል እጀታ ያለው ትልቅ ማብሪያ ገጠመ፤ የቤቱ ባትሪ ጢም ብሎ ሲሞላና አሲዱ መንተክተክ ሲጀምር እጀታውን ዝቅ አድርጎ ትርፉን ወደ ሞተሩ ባትሪ ያሻግራል፣ ከዚያ መልሶ ይለያያቸዋል። ያንን እጀታ ከእሱ በቀር ማንም አይነካውም ነበር። «ይሄ መሄጃችን ነው» ይለኝ ነበር የሞተሩን ባትሪ እየዳበሰ፤ «ባዶውን ከሙሉው ጋር ካገናኘሽው ሙሉው ወደ ባዶው ይፈስና ሁለቱም የማይረቡ ይሆናሉ። ቤታችን ቢጨልም ቢጨልም ይቺ አትነካም።»

ጉ መጣ፣ የበልጉ ዝናብም መጣ፣ አብሮትም አዴር ጃማ ከነሳጥኑ መጣ። አዴር ማለት አጎት ነው። ጃማ የሰፈራችን የታር ሰው ነበር፤ ታር የሚሉት ስልክ በጠፋበት በዚያ ዘመን አገር ከአገር የሚያነጋግር የመገናኛ ሬዲዮ ነው። ጄኔሬተሩ ተበላሽቶበት ኖሮ አባባን ለመነው፤ ሬዲዮውም ምድጃችን ላይ ተቀመጠ፣ ሽቦው በመስኮት ወጥቶ እሾሃማው ግራር ላይ ተንጠለጠለ። ከዚያ ወዲያ ግቢያችን ሰው አጥቶ አያውቅም። ከሰዓት በኋላ መስመሩ ሲከፈት ሽማግሌው፣ ነጋዴው፣ አራሷ ሁሉ መኪናችንን ከቦ ይቀመጥና፣ አንዱ ከጅቡቲ ካለ ወንድሙ ጋር ስለ ሞተች ግመል ሲጨቃጨቅ፣ ሌላዋ ባሏን በአደባባይ ስትሰድብ፣ ሁሉም እየሰማ አስተያየት ይሰጥ ነበር። በዚያ መስመር ምስጢር የሚባል ነገር አልነበረም። ሰዉ ደግሞ ጅቡቲ በጩኸት የምትደረስ ይመስል ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ይጮህ ነበር፤ አባባም የባትሪውን መለኪያ ቀስት እያየ ጥርሱን ያፋጭ ነበር። ስናዳምጥ ቀስቱ እምብዛም አይነቃነቅም፤ አንድ ሰው መናገሪያውን ሲጫን ግን ዘጭ ብሎ ይወርዳል። «መስማት ርካሽ ነው፣ መናገር ነው ውዱ» ይል ነበር። እማማ ይህን ስትሰማ «ለዚህ ነዋ አፍህ የማይከፈት! ባትሪ እየቆጠብክ ኖሯል» ትለው ነበር።

ኤዶ ሳህራ በየቀኑ ከሁሉ ቀድማ መጥታ የመኪናዋን ደረጃ ትይዝ ነበር። ጃማ መስመሩን ከመዝጋቱ በፊት «የሳህራ ልጅ ሆዳንን የምታውቁ፣ እናቷ ሀርጌሳ በሕይወት አለች» ብሎ ይጠራላታል፣ ከዚያ ሁላችንም ጸጥ ብለን ያንን እንደ ዝናብ የሚያንሿሽሽ ባዶ ድምፅ እናዳምጣለን፣ መልስ አይመጣም። እሷም ስደት ላይ በለመደችው አማርኛ «ነገ አለ» ብላ ተነሥታ ትሄዳለች። ለልጇ የምትነግራትን ግን አዘጋጅታ ጨርሳ ነበር። ልብስ ስታጥብ፣ ፍየሏን ስታልብ ለራሷ ትደጋግመው ነበር፤ የቤቱን ነገር፣ የሞቱትን፣ የተወለዱትን፣ በዚያ የሽሽት ቀን ለምን እጇን እንደ ለቀቀች። እኔ እስክሸመድደው ድረስ ሰምቼዋለሁ፣ ረጅም ነበር።

በሐጋ፣ በሁለቱ ዝናቦች መካከል ባሉት ወራት፣ ነፋሱ ተነሣ፣ አቧራውም ወሬውም አብሮ ተነሣ። አባባ ፀሐይዋ ወደ ሰሜን ስለዞረች ሶላሩን አዙሮ አጋደለው፣ እኔ ጣሪያ ላይ ወጥቼ አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ስጠርግ ሳልጨርስ ይለብስብኛል፣ ከዚያ ላይ ሆኜ ደግሞ አልጋና ድስት የጫኑ መኪኖች ወደ ምዕራብ ሲሄዱ አይ ነበር። በአየር ማረፊያው በኩል ሚሊሻ ተሰባስቧል ይባላል፣ ታርቀዋል ይባላል፣ ማታ የታረቀው ጠዋት ይፈርሳል። እማማ ጓዛችንን አስራ መፍታት ተወች፤ ስኒ ሲያስፈልጋት እንኳ ከእስሩ በጣቷ ጎትታ አውጥታ፣ አጥባ፣ መልሳ ትወትፋት ነበር። «እንሂድ» ትላለች በጠዋት፣ «እንሂድ» ትላለች በምሳ ሰዓት። አባባ አንድ ጊዜ ዘይት ቀረ፣ አንድ ጊዜ ጎማ ቀረ ይላል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ሲላት፣ «አንተ ስትታጠቅ ጊዜው ሊያልፍ ነው» ትለዋለች። እኔ በመካከላቸው ጥፍሬን እየበላሁ፣ አንዳንዴ እሷ ልክ ነች እያልኩ፣ አንዳንዴ እሱ፣ ውዬ አድር ነበር። መኪናችን እንኳ በነፋሱ እየተወዛወዘች ቆማ የምትሄድ ትመስለኝ ነበር።

ዴይር ሲገባ፣ የኋለኛው ዝናብ ከደመናው ጋር ሲደርስ፣ ተኩሱ ተጀመረ። መጀመሪያ ከአየር ማረፊያው በኩል ከሩቅ ነበር፣ ከዚያ እየቀረበ መጥቶ የእቃ ማጠቢያችን ቆርቆሮ እስኪንቀጠቀጥ ደረሰ። ሰማዩ ለቀናት ስላልገለጠ የቤቱ ባትሪ ደክሞ አምፖሏ የክብሪት ያህል እንኳ አታበራም ነበር። በዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ፣ የእኛም ጓዝ ተጭኖ፣ አባባ የመኪናዋን ቁልፍ በእጁ ይዞ ሳለ ኤዶ ሳህራ ደረጃው ላይ ተቀምጣ «የታር ሰዓት ይለፍ፣ ከዚያ እሄዳለሁ» አለች። እማማም «እሷን ትቼ አልሄድም» አለች። ጃማ ሬዲዮውን ሊፈታ መጥቶ ነበርና፣ «ለመስማት ብቻ ይበቃል» ብሎ ለመጨረሻ ጊዜ ከፈተው።

ያን ጊዜ ነው ድምፁ የመጣው። የጅግጅጋው የታር ሰው «ሀርጌሳ፣ ሀርጌሳ፣ ጃማ ትሰማለህ?» ብሎ ጠራና፣ ወዲያው ቀጭን የሴት ድምፅ ገባ።

«እናቴ፣ ሆዳን ነኝ። በሕይወት እንዳለሽ ሰው ነገረኝ። ነገ ማለዳ በጭነት መኪና ወደ ሀርጌሳ እመጣለሁ። ትሰሚኛለሽ?»

ኤዶ ሳህራ ከደረጃው ተነሥታ መናገሪያውን ከጃማ እጅ ነጠቀች። ስትጫነው ግን ሬዲዮው ጭል ብሎ ጠፋ። ስትለቀው ተመልሶ በራ፤ የልጅቷ ድምፅ «ትሰሚኛለሽ?» እያለ ይጠራል። ነገ ማለዳ እዚህ ተኩስ ውስጥ ልትገባ ነው፣ እኛ ደግሞ እንሰማታለን እንጂ አንመልስላትም። ሁላችንም እጀታውን አየን።

«አይሆንም» አለ አባባ፣ ፊቱ አመድ መስሎ። «ባዶው ይጠጣዋል። ሞተሩ ካልተነሣ ሁላችንም እዚሁ ነን። የሬዲዮውን ሽቦ ፈትቼ ወደ ሞተሩ ባትሪ ላዙር ብል ጊዜ የለም። የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቴን አልጥልም፣ ይቺን ልጅ ይዤአለሁ!»

እማማ፣ ያቺ ከጂላል ጀምሮ እንሂድ እንሂድ ስትል የከረመችው እናቴ፣ «ልጅ ስላለህ አይደል እንዴ!» አለችውና በአጠገቡ አልፋ እጀታውን ዝቅ አደረገችው። ሰማያዊ ብልጭታ ታየኝ፣ አምፖሏ ቦግ አለች።

አባባ ዓይኑን ቀስቱ ላይ ተክሎ «በሉ ባጭሩ! ሳህራ፣ ባጭሩ ይበሉ!» ብሎ ጮኸ።

ኤዶ ሳህራ መናገሪያውን አፏ ሥር አስጠጋች። ያን ሁሉ ያዘጋጀችውን ንግግር የማውቀው እኔ፣ አሁን ትጀምረው ይሆን ብዬ ጨነቀኝ።

«ሆዳን፣ አትምጪ። ጦርነት አለ። እዚያው ጠብቂኝ፣ እኔ እመጣለሁ።»

ለቀቀችው። «እሺ እናቴ፣ እሺ» አለ ሬዲዮው። አባባ እጁን ወደ እጀታው ሲሰድድ ግን እንደገና ተጫነችውና፣

«በልተሻል?» አለቻት።

«በልቻለሁ» አለች ልጅቷ፣ እያለቀሰች ይሁን እየሳቀች አልለይ አለን። አባባ እጀታውን ወደ ላይ መለሰው፣ ወንበሩ ላይ ዘሎ ቁልፉን አዞረ። ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ አንድ ጊዜ አቃሰተ፣ ደግሞ አቃሰተ፣ ከዚያ ጠቅ ብቻ አለ። ወርደን ገፋን፤ ጃማ ገፋ፣ እማማ ገፋች፣ እኔም ገፋሁ፤ ግቢው ዝናብ የጠጣ ጭቃ ነበርና ጎማዋ ሰመጠ እንጂ አልተንከባለለችም። አባባ መሪው ላይ ግንባሩን ደፍቶ ቆየ። አለቀሰ፣ አይቼዋለሁ።

ያወጣን የኤዶ ሳህራ ዘመድ ነው፣ ውሃ የሚሸጥበትን በርሜል ከአህያው ጋሪ ላይ አውርዶ እኛን ጫነን። እማማ በዚያ ሁሉ ፍርሃት መሐል፣ አህያው ሲንቀሳቀስ አባባን ጎሸም አድርጋ «ይኸው፣ ጋሪህ ተነሣች» ስትለው ኤዶ ሳህራ ፊቷን በሻሿ ሸፍና ሳቀች። ነጯ መኪናችን ሶላሯን ወደ ደመናው እንደ ዘረጋች ግቢው ውስጥ ቀረች፤ ከዚያ ወዲያ አላየናትም። ከከተማው ዳር በጭነት መኪና ተሳፍረን ጅግጅጋ ስንደርስ ሆዳን የመኪና ተራው አጥር ሥር ቆማ ትጠብቅ ነበር። ኤዶ ሳህራ ያንን የሸመደደችውን ንግግር አልተናገረችውም። የልጇን ራስ ጭኗ ላይ አስተኝታ፣ ሆዳን ስታወራ እሷ ዝም ብላ ስትሰማ ዋለች።

ሞተሩን የገደለው «በልተሻል?» ነው የሚል ክርክር ቤታችን ውስጥ ለዓመታት ቆየ። እማማ አዎ እያለች ታሾፍ ነበር፤ አባባ «ደመናው ነው፣ ደግሞም ባዶው ባትሪ ነው፣ ቃሏማ ምን በላ?» እያለ በቁም ነገር ያስረዳ ነበር። እጀታውን ስለ ነካች ግን አንድም ቀን ወቅሷት አያውቅም።

ዛሬ እኔ ጣሪያዬ ላይ ያልተሰነጠቀ ሶላር አለኝ፣ የሚነቀል ሽቦም የለውም፣ ሁሉን ራሱ ያውቃል። እንዲያም ሆኖ የስልኬ ባትሪ ግማሽ ሲደርስ እረበሻለሁ፣ የምወጣበት ቦታ ሳይኖር ቦርሳዬ በር ሥር ተሰናድቶ ይቀመጣል፣ ልጆቼም ይስቁብኛል። እነሱ ከጓደኞቻቸው ጋር ስለ ምንም ነገር ሲያወሩ ያመሻሉ፣ ለእነሱ መናገር ምንም አያስወጣም። እማማ ካረፈች ወዲህ አባባ ጅግጅጋ ብቻውን ነው። ማታ ስደውልለት ስለ ጉልበቱም ስለ ጎረቤቱም በሁለት ቃል ይመልስልኝና «በላሽ?» ይለኛል።

«በላሁ አባባ።»

«በይ በቃ፣ አትናገሪ፣ ያልቃል» ይላል።

ስልኩን ግን አይዘጋውም። እኔም አልዘጋውም። እሱ እዚያ ሆኖ የእኔን ቤት ድምፅ፣ የልጆቹን ጫጫታ፣ የሳህኑን መንኳኳት ያዳምጣል፣ እኔም ትንፋሹን አዳምጣለሁ።