ቅቤ የጠጣው ፍሬን

ባለፈው ሳምንት አንድ ጋራዥ ውስጥ ያለቀ የፍሬን ሸራ አንስቼ አሸተትኩ። መካኒኩ "ምነው ጋሼ፣ ምን አገኙ?" ብሎ ሳቀብኝ። የምፈልገው የቅቤ ሽታ ነበር።

በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ላይ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ወጣት ድሬሰር ነበርኩ። መንግሥት የሰጠኝን አሮጌ ሞተር ሳይክል እየነዳሁ እስከ የጁቤ ከተማ ድረስ በሽተኛ ላክም እዞር ነበር። አንድ ክረምት መውጫ ላይ የኋላ ፍሬኑ ሸራ አልቆ ብረት ከብረት እየተፋጨ ይጮህ ጀመር፤ የፊቱማ ከሞተ ቆይቷል። አዲስ ሸራ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ወር ይፈጃል ተባለ።

ኮርቻ ሰሪው አባቴ ይህን ሰሙና ተቆጡ። "እኔ ቁጭ ብዬ? ቆዳ አጥተን ነው?" አሉ። ከወፍራም የበሬ ቆዳ ቆርጠው፣ በመዳብ ሚስማር መትተው ሠሩልኝ። እውነቱን ልናገር፣ ከፋብሪካው ያምር ነበር። በኩራት ገጠምኩት፤ ሰፈሩን አንዴ እንኳ ዞሬ ሳልሞክረው በጨሞጋ ወንዝ ቁልቁለት ለቀቅኩት። ወጣትነት!

ቁልቁለቱ መሃል ላይ ፍሬኑን ረገጥኩ። ምንም የለም። ደግሜ ረገጥኩ፤ ይንሸራተታል እንጂ አይዝም። ሞተሩን ወደ ታረሰ ማሳ ጠምዝዤ ጭቃው ላይ ተዘረርኩ። ጉልበቴ ተልጦ ጎማውን ስፈታ የጋለ ቅቤ ሸተተኝ።

ሞተሩን እየገፋሁ ስመለስ አባቴ ደጅ ቆመው ነበር። ዝም ልል አስቤ ነበር፤ ልባቸውን አውቀዋለሁ። ግን ወባ ለመከላከል በሞተር የሚዞር ጓደኛዬ ለሱም እንዲሠሩለት ለምኗቸው፣ ቆዳው ተቆርጦ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል።

"አባባ፣ ቅቤ ቀብተውት ነበር እንዴ?"

"ታዲያስ! ለልጄ ደረቅ ቆዳ ልስጥ? እንዳይሰነጠቅ ብዬ ለጋውን ነው የቀባሁት።"

"ፍሬን የሚይዘው ሲደርቅ ነው። ቅባት ከነካው ሰው ይገድላል።"

ጉልበቴን አዩት። ለጓደኛዬ የቆረጡትን ቆዳ አንስተው ወደ ጓዳ አስገቡ።

"ልገድልህ ነበር በለኛ" አሉ ቀስ ብለው።

"አይደለም" ማለት ነበረብኝ። አሞኝ ስለነበር፣ ተናድጄም ስለነበር ሞተሩን እየገፋሁ አልፌያቸው ገባሁ።

አዲሱ ሸራ መጥቶ ስገጥመው አባቴ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ራቅ ብለው ቆሙ። መፍቻ እንዲያቀብሉኝ ስለምናቸው፣ መጀመሪያ እስከ ክርናቸው በሳሙና ታጠቡ። በነጠላቸው ጫፍ አደራረቁ፤ ጣታቸውንም አሸተቱ። እስኪሞቱ ድረስ ያንን ሞተር አልነኩትም። ያ በሳሙና የታጠበው እጅ ያሳደገኝ እጅ ነው። "ይንኩት አባባ፣ ምንም አይሆንም" ልላቸው እያሰብኩ፣ ዛሬ ነገ ስል ሳልላቸው ቀረሁ።