የመብራት ዜና

ቅዳሜ ከጠዋት ጀምሮ የባየልኝ እጅ አልታዘዝ ብሎታል። አሥራ ሦስት ቁጥር ቁልፍ ሲፈልግ አሥራ አራቱን ያነሳል፤ የትራክተሩን ቡሎን አጥብቆ ሲያበቃ መልሶ ይፈታዋል። ከኮኪት ወጣ ብላ ባለችው በዚያች ትንሽ ከተማ ከእሱ የተሻለ መካኒክ የለም። ዛሬ ግን ሐሳቡ ሞተሩ ላይ አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁልጊዜ ቅዳሜ ማታ በሦስት ሰዓት፣ ሰሊጥ አጫጆቹ ከእርሻ ከገቡ በኋላ፣ ባየልኝ በዘሀቢያ ሻይ ቤት ዜና ያነባል። ሆድ ዕቃው ከወጣለት አሮጌ ቴሌቪዥን ጀርባ ተቀምጦ፣ መስታወቱ በነበረበት ፊቱን አውጥቶ፣ ባለሥልጣኑንም ዘፋኙንም ያብጠለጥላል። ሕጉ አንድ ነው፤ የተነካ ሰው ተነስቶ ራሱ ቴሌቪዥኑ ውስጥ ገብቶ መልስ ይሰጣል። መቆጣት ነውር ነው።

ዛሬ ይመጣሉ የተባሉት አቶ አዛናው ናቸው፤ የንግድ ፈቃድ የሚያድሱት ኃላፊ። የባየልኝ የጋራዥ ፈቃድ ጠረጴዛቸው ላይ ከተኛ ሁለት ሳምንት አልፎታል። የመንገድ መብራት ኮሚቴ ሰብሳቢም እሳቸው ናቸው። ምሰሶዎቹ ሦስት ጊዜ ሪባን ተቆርጦላቸዋል፤ ሽቦ ግን የላቸውም።

«‹ሦስቱን ሪባን ብንቀጣጥለው ገንዳ ውሃ ከተማ ይደርስ ነበር› ልል ነው» አላት ለባለቤቱ።

«ተወው» አለች አገኘሽ የዜና ኮቱን እያራገፈች። «ጋራዡ ሲዘጋ ሪባን ልንበላ ነው?»

«እሱን ካወጣሁት ምን ይቀረኛል?»

«ስለ ዘፋኟ አውራ። እሷ ፈቃድ አታድስም።»

ሰዓቱ ሲቃረብ የሻይ ቤቱን ጄኔሬተር ሊያሰናዳ ሄደ። የናፍጣ መክፈቻውን ዘጋ፤ ፊልትሮውን ቀየረ፤ አዲሱን በእጁ ናፍጣ ሞልቶ አሰረ። በመሀል ቀልዱን አንዴ በሆዱ ደገመው፣ አንዴ ሰረዘው። ከዚያ አስነሳ። መብራቱ ቦግ አለ።

አቶ አዛናው ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ሻያቸውን አልነኩትም።

«ውድ ተመልካቾቻችን፣ ቴሌቪዥናችሁን አታጥፉ፤ ማጥፊያው ተነቅሏል!» ብሎ ጀመረ። «አንዲት ዘፋኝ በታኮ ጫማ ሰሊጥ ማሳ ገብታ ክሊፕ ሠርታለች። አምስት ደቂቃ ስትደንስ ያረገፈችውን ስምንት ሰው በሁለት ቀን ለቅሞ አልጨረሰም። ባለማሳው የሚቀጥለው ዘፈን ጎረቤቱ ማሳ ላይ እንዲሆንለት ለምኗል።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። የምሰሶው ተራ ደረሰ። ባየልኝ ወረቀቱን አየ፤ አቶ አዛናውን አየ፤ ወረቀቱን ገለበጠ።

«የመብራት ዜና... ለዛሬ የለንም።»

ይህን ሲል ጄኔሬተሩ ሁለት ጊዜ አስሎ ቀጥ አለ። ድፍን ጨለማ።

ከዚያ አንድ አጫጅ «ኧረ ጨረሳቸው!» ብሎ ጮኸ፤ ሰዉ ወንበር እየደበደበ ሳቀ።

«ሳምንቱን ሙሉ ይቺን ሲያበስል ነው የከረመው!» አለች ዘሀቢያ።

ባየልኝ ያኔ ትዝ አለው። መክፈቻውን ዘግቶ አልከፈተውም። ሞተሩ ፊልትሮው ውስጥ ያለችውን ናፍጣ ጠጥቶ ነው የቆመው።

አቶ አዛናው የስልካቸውን መብራት ፊቱ ላይ አበሩበት። «ሆን ብለህ ነው?»

አዎ ቢል ፈቃዱ፣ አይደለም ቢል የሙያ ስሙ ሊጠፋ ነው።

«ረስቼ ነው፣ ጌታዬ። መክፈቻውን አልከፈትኩትም።»

«ባየልኝ መክፈቻ ረሳ? አታላግጥብን!» አለ አንዱ ከኋላ። ሳቁ እጥፍ ሆነ። አንድ ሰው እንኳ አላመነውም።

አቶ አዛናው ተነሱ። «ሕግ ሕግ ነው። ቦታውን ልቀቅ።» ቴሌቪዥኑ ውስጥ ገቡና መብራቱን ከአገጫቸው ሥር ያዙ። «ውድ ተመልካቾች፣ ሽቦው አልመጣም። መቼ እንደሚመጣ የምጠይቀው ሰው እኔም አጥቻለሁ። መቀሱን ግን ሦስቴም የያዝኩት እኔው ነኝ።» የሚስቅ ጠፋ። «ሌላ ዜና። አንድ መካኒክ ናፍጣ መክፈት ረስቷል። ፈቃዱ ከመታደሱ በፊት በተግባር ይፈተናል።»

አሁን ከባየልኝ በቀር ሁሉም ሳቀ። ቀልድ ይሁን እውነት ሊገባው አልቻለም። እሑድን ሲገላበጥ፣ ሲነሳ፣ ሲቀመጥ፣ የተወለወለ መፍቻ መልሶ ሲወለውል ዋለ።

ሰኞ ሁለት ሰዓት የመፍቻ ሣጥኑን ይዞ ቢሮው በር ላይ ተገኘ። አቶ አዛናው ፈገግ እንኳ ሳይሉ ከጀርባ ወዳለው ጄኔሬተር ወሰዱት።

«አስነሳው።»

ባየልኝ ሣጥኑን አልከፈተም። አጎንብሶ የናፍጣውን መክፈቻ ዳሰሰ።

ተዘግቷል።

ቀና ሲል አቶ አዛናው የፈቃዱን ወረቀትና ማህተሙን ይዘው፣ ሳቃቸውን ለማፈን ከንፈራቸውን ነክሰው ቆመዋል።