ሰው ሳይሞት የተተከለው ድንኳን

እናቴ በረንዳ ያማራት ለጌጥ አልነበረም። አባቴ ከሞተ ወዲህ የምንበላውም የምንማረውም በስፌት መኪናዋ ነው። ቤታችን ግን ቀትር ላይ እንኳ ጨለማ ስለነበረ ዓይኗ እየደከመ፣ ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት ሁሉ እያቃታት ሄደ። ደጅ ወጥታ እንዳትሰፋ የነቀምቴ ዝናብ ፋታ አይሰጥም።

ማዘጋጃ ቤቱ የሰፈሩ ሰው ከተስማማ እንደሚፈቅድላት ነገራት። ሰፈራችን ቁልቁለት ነው። ለጥ ያለ ግቢ ያለን እኛ ብቻ ስለሆንን፣ ማንም ይሙት ማን፣ የእድሩ ድንኳን የሚተከለው እኛ ጋ ነበር። የእድሩ ዳኛ፣ ከበላያችን የሚኖሩ ሽማግሌ፣ በረንዳው ቦታውን ይበላዋል ብለው እንቢ አሉ። ክፉ ሆነው አይደለም፤ ለቀስተኛው የት ይቀመጣል ብለው ነው።

እናቴ አማላጅ አልላከችም። ዳኛውንና የእድሩን ሰዎች፣ ድንኳኑን አምጥታችሁ ትከሉት፣ ዓይናችሁ ይፍረድ አለቻቸው። ሰው ሳይሞት ድንኳን መትከል ሟርት ነው እያሉ አጉረመረሙ። እሷን መርታት ግን ቀላል አልነበረም፤ ተከሉት። በቤታችን ግድግዳና በካስማዎቹ መካከል ሰው የማይቀመጥበት ባዶ ቦታ ቀረ። እዚያ ሄዳ ቆመች።

«ኦቦ፣ በረንዳዬ ከዚህ አያልፍም። ቋሚዎቹን በካስማው ቦታ አቆማለሁ። የለቅሶ ቀን ገመዳችሁን እነሱ ላይ ታስራላችሁ።»

ዳኛው ገና እያሰቡ ሳለ፣ ድንኳኑን ከመንገድ ያዩ ገበያተኞች ሸክማቸውን ጥለው፣ ደረታቸውን እየደቁ ገቡ። አንዷ እናቴን አቅፋ እያነባች ማን እንደሞተ ጠየቀቻት።

«ማንም አልሞተም። በረንዳ ልሠራ ነው» አለቻት እናቴ።

ሴትዮዋ እንባዋን ሳትጠርግ ሳቀች። ከዚያ ሁሉም ከመጣን አይቀር ብለው እግራቸውን ሊያሳርፉ ድንኳኑ ውስጥ ተቀመጡ። ዳኛው ዙሪያውን አዩ። ቦታው ለሁሉም በቅቶ ነበር።

«ኤየ አዴ፣ እሺ፣ ይሥሩት» አሉ።

በረንዳው ሲያልቅ እናቴ መጀመሪያ የሰፋችው የደንበኛ ልብስ አልነበረም። ድንኳኑ በተተከለበት ቀን ጣራው ላይ ቀዳዳ አይታ ኖሮ፣ አስመጥታ በነፃ ጣፈችው። እንዲህ ያለች ሴት ነበረች፤ ዛሬም እኮራባታለሁ።

ከብዙ ዓመት በኋላ ያው ድንኳን ለእሷ ተተከለ፤ ገመዱም በበረንዳዋ ቋሚዎች ላይ ታሰረ። ቀኑን ሙሉ ዘነበ። ቀና ብዬ ስፌቷን አየሁት፤ ጠብታ አላሳለፈም።