ሽሮ ውስጥ የገባችው ዳማከሴ

ልጅ ሳለሁ አማን ከተማ ላይ ዝናብ አንዴ ከጀመረ ማቆሙን የሚረሳ ይመስለኝ ነበር። መብራቱም ከዝናቡ ጋር የተማከረ ይመስል ወዲያው ይጠፋል። ያኔ እናቴ ኩራዝ ለኩሳ ከቤቱ ጀርባ ወዳለው ወጥ ቤት ትገባለች፤ እኛም ተከትለናት ገብተን፣ ጭሱ ዓይናችንን እያስለቀሰን፣ እግራችንን በፍሙ እያሞቅን የአባባ ደምሴን ተረት እንጠብቃለን።

አባባ ደምሴ የአባቴ አጎት ነበሩ። ዕድሜያቸውን በቴፒ በኩል በአንድ የቡና እርሻ ለሠራተኞች ወጥ ሲሠሩ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ አንድ ሻንጣ፣ አንድ ረጅም ማማሰያና በወረቀት የተጠቀለለ ዘር ይዘው እኛ ቤት ገቡ። እናቴ ሻንጣውን በደስታ ተቀበለች፤ ማማሰያውን ግን በጎሪጥ ነበር ያየችው። «አባባ፣ እርስዎ ይረፉ እንጂ» ትላቸዋለች፣ ድስቱን በጀርባዋ ከልላ። እሳቸው ያረፉ መስለው ይቆዩና ዞር ስትል ክዳኑን ከፍተው ያሸታሉ፤ ከዚያ «እህም» ይላሉ። ያቺ «እህም» እናቴን እንዴት ታበግናት እንደነበር!

ማማሰል ቢከለከሉ መትከል ጀመሩ። በሶብላ በወጥ ቤቱ ደጃፍ፣ ዳማከሴ በአጥሩ ሥር፣ ከወረቀቱ የወጣውን ዘር ደግሞ በአሮጌ የዘይት ጣሳ ዘሩ። ይኼኛው የፈረንጅ በሶብላ ነው፤ ቅጠሉ ሰፊና ለስላሳ ሆኖ ሲያድግ እናቴ «ታዲያ ይሄ ጎመን ነው?» አለች። አንድ ቀን ቲማቲም ስልስ ላይ ቀነጣጥበው ለአባቴ በመኮረኒ አቀረቡለት። አባቴ አጎቱን ላለማስቀየም ሳህኑን ጨርሶ ማታውን በእንጀራ እንደገና በላ።

ተረቶቻቸውም ከዚያው ጓሮ ነበር የሚለቀሙት። እኔ የምወደው የሦስቱን እህትማማቾች ነበር። በሶብላ፣ ዳማከሴና የፈረንጇ ማደሪያ ፍለጋ ወጡ አሉ። የፈረንጇ ባሕር ተሻግራ ተዳረች። በሶብላ ድስት ቤት ቀድማ ገብታ በሩን ዘጋችው። ዳማከሴ ዝናብ ላይ ቆማ «እህቴ፣ አንድ ቀን ብቻ አስገቢኝ» ብላ ብትለምን፣ «አንቺ ከገባሽ እንግዳ ይሸሻል» አለቻት። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አጥር ሥር ቆማ የሚታመም ሰው ትጠብቃለች። እዚህ ላይ ሁልጊዜ አለቅስ ነበር።

«አንድ ቀንም አትገባም?»

«አንድ ቀንም» ይላሉ አባባ፣ ማልቀሴ ደስ እያላቸው።

እኛ ዘንድ ፀሐይን አምኖ ቅጠል ማስጣት አይቻልም። በሶብላ የሚደርቀው ከምድጃው በላይ ባለው ቆጥ ላይ በጭስ ነው። ዳማከሴን ግን ማንም አያደርቅም፤ ምች የመታው ሰው ሲኖር እርጥቡ ተቀጥፎ፣ ታሽቶ፣ ጭማቂው ይሸተታል፣ ይጠጣል። እኔ ብቻ ነበርኩ ዳማከሴን በድብቅ ቀጥፌ ከበሶብላው ጎን ቆጡ ላይ ያስቀመጥኩት። ቢያንስ ጎን ለጎን ይተኙ ብዬ ነው።

በዚያ ዓመት በገና ፆም ለእትዬ ሙሉ ሽማግሌ ተላከ። እትዬ ሙሉ ከእኛ ጋር የምትኖር የእናቴ ታናሽ እህት ስትሆን፣ የቴፒውን መምህር ትወደው እንደነበር ከእሷ በቀር ሁላችንም በግልጽ እናወራ ነበር። በዚያ ቀን እናቴ ሥራው በዝቶባት ሽሮውን ለአባባ ሰጠቻቸው። «ዛሬ ካማረልዎት ምድጃው የእርስዎም ነው» አለች። አባባ እጃቸውን ሦስት ጊዜ ታጠቡ። ከዚያ «ከቆጡ በሶብላ አምጪልኝ፤ ፍርፍር አድርጊው» አሉኝ። እኔም ግማሹን በሶብላ፣ ግማሹን ዳማከሴ አድርጌ ፈረፈርኩ። ለዳማከሴ በሩን የከፈትኩላት እኔ በመሆኔ ልቤ በኩራት ሊፈነዳ ደርሶ ነበር።

የመምህሩ አባት የመጀመሪያውን ጉርሻ ጎርሰው ቆም አሉ። ጣታቸውን አሸተቱ። «እዚህ ቤት የታመመ ሰው አለ?» አሉ። በእኛ ሰፈር የዳማከሴ ሽታ ካለ የተኛ ሰው አለ ማለት ነው። ጆሯቸው የማይሰማ አንድ ሽማግሌ አጠገባቸው ለተቀመጠው አንሾካሾኩ፤ ሹክሹክታቸው ግን እስከ አጥሩ ድረስ ተሰማ፦ «ልጅቷን ደብቀውን ይሆን እንዴ? ታማ ይሆናል!» ልክ በዚያች ቅጽበት እትዬ ሙሉ ከጓዳ አስነጠሳት። ሁለቴ።

የእናቴ እጅ ከነማንቆርቆሪያው አየር ላይ ቀረ። አባቴ ኮርኒሱን አየ። ሠርጉ በአንድ ጭብጥ ቅጠል ሲፈርስ ታየኝ።

አባባ ደምሴ ማማሰያቸውን ይዘው ብቅ አሉ። «ሆን ብዬ ነው የጨመርኩት!» አሉ። «ከቴፒ ድረስ በዚህ ፀሐይ መጥታችሁ ምች ቢመታችሁ የማን ነውር ነው? በእርሻው ለክቡር እንግዳ እንዲህ ነበር የምንሠራው።»

የመምህሩ አባት አንድ ጎረሱ፣ ግንባራቸው አላበ። «እውነትም ስመጣ ራሴን ወግቶኝ ነበር» አሉ። ለካ ሁሉም ራሳቸውን ወግቷቸው ኖሯል! እየተናነቃቸው፣ ላባቸውን እየጠረጉ ድስቱን ጨረሱት፤ እትዬ ሙሉም ተሰጠች።

እናቴ እንግዶቹ ከአጥሩ እስኪወጡ ፈገግ እንዳለች ቆየች። ከዚያ ማማሰያውን ተቀብላ ሻንጣቸው ውስጥ ከተተችው። «ከእንግዲህ ወጥ ቤት እንዳላይዎት» አለች። እኔ ከበሩ ኋላ ነበርኩ።

በሳምንቱ ለአባባ እያለቀስኩ ተናዘዝኩ። «በማማሰያው ስቀምስ አውቄያለሁ» አሉ፣ እንደ መሰደብ ቆጥረውት። «እኔን ዳማከሴ ያሳስተኛል? ነጭ ሽንኩርት ባበዛበት ይሸፍነዋል ብዬ ነው።»

«ታዲያ ለምን ለእማዬ አልነገሯትም?»

«አንቺን ትገርፋለች። እኔን አትገርፈኝም።»

እናቴም ቃሏን አላጠፈችም። መብራት ሲጠፋ እኛ ወጥ ቤት እንገባለን፤ አባባ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከደጅ፣ ከጣሪያው ጠርዝ ሥር በርጩማ ላይ ይቀመጣሉ። አርፈው ከቀበርናቸው በኋላም ዓመታት አለፉ።

ዘንድሮ እናቴ ሚዛን ወዳለው ቤቴ መጥታ በሶብላ ስንቀነጥስ ሁሉንም ነገርኳት። እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፤ ስለ ማስነጠሱ ደጋግማ አስወራችኝ። ከዚያ ሳቋ ቆመ።

«ምነው ያኔ ብትነግሪኝ? ልገርፍሽ እችል ነበር፤ በማግሥቱ ይረሳሽ ነበር። ለእሳቸው ግን ወጥ ቤታቸውን እመልስላቸው ነበር እኮ።»

ከተረቶቹ ብዙዎቹን ረስቻለሁ። ያልረሳሁት ድምፃቸውን ነው፤ ዝናቡን ለማሸነፍ ከደጅ ሆኖ የሚጮኸውን፣ እኛ ሳንሰማ የቀረን ሲመስላቸው የተረቱን መጨረሻ የሚደግመውን። እኔ ከፍሙ አጠገብ ነበርኩ፤ እግሬ ሞቆኝ ነበር፤ አንድ ቃል ብቻ ብናገር ይገቡ ነበር።