የሚያንኳኳው ቧንቧ

በዴንቨርና በአውሮራ መካከል፣ ከሎውሪ ብዙም ሳይርቅ የገዛነው ቤት ዱፕሌክስ ነው፤ አንዱን ግድግዳ ከጎረቤት ጋር እንጋራለን። ማሞቂያው የጥንት ነው። ምድር ቤት ያለው ቦይለር ውሃ ያፈላል፣ እንፋሎቱ በብረት ቧንቧ እየወጣ በየክፍሉ ያሉትን ራዲያተሮች ያሞቃል። ሻጩ ቁልፉን ሲያስረክበኝ «ይህ ማሞቂያ ከሁላችንም በላይ ይኖራል» ብሎኝ ነበር። እኔ ምርቃት መስሎኝ አሜን አልኩ።

በዚያ የብርድ ወቅት የባለቤቴ እናት እኛው ጋ ነበሩ። አንድ ረቡዕ እራት ላይ፣ «ቅዳሜ ቶርንተን ልጄ ጋ ብትወስዱኝ» አሉ። ልጃቸው የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ነው።

«ለጥየቃ ነው?» አልኳቸው።

«አይ፣ እዚያው ልክረም።»

ምክንያቱን ብንጠይቅ ምንም አልጎደለብኝም፣ እግዜር ይስጣችሁ ከማለት በቀር አንዲት ቃል አልወጣቸውም። ባለቤቴ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። ከዚያ ወጣችና «እማዬን ምን ብለሃት ነው?» አለችኝ። ምንም አላልኩም። ኮሜርስ ሲቲ ወዳለው መጋዘን ሳይነጋ እወጣለሁ፣ ስመለስ ደክሞኝ ነው፤ ሰው የማስቀይምበት ጊዜ እንኳ አልነበረኝም። ቢሆንም ተከስሼ አደርኩ።

ሐሙስ እረፍቴ ነው። ልብስ ላጥብ ምድር ቤት ስወርድ ወለሉ ላይ ውሃ ተኝቷል። ቀና ብዬ ሳይ፣ ከጎረቤት ጋር ከምንጋራው ግድግዳ ጥግ፣ ልክ ከአማቴ ክፍል ሥር፣ ጫፉ በብረት ክዳን የተዘጋ ቧንቧ አለ። ከእኛ በፊት የነበረው ሰው ኮሪደሩ ላይ የነበረውን ራዲያተር ነቅሎ ቧንቧውን እንዲሁ ደፍኖት ሄዷል። ክዳኑ ዝጎ ጠብ ጠብ ይላል። እዚያው እንደቆምኩ ቦይለሩ ተነሳ፤ ትንሽ ቆይቶ ቧንቧው ድው፣ ድው፣ ድው ማለት ጀመረ። ሰው በቡጢ ግድግዳ የሚመታ ይመስላል።

ነገሩ ብዙ ምርምር አልጠየቀም። ቧንቧውን ከላይ የያዘው ማንጠልጠያ ላልቶ ጫፉ ወደ ታች አዘንብሏል። እንፋሎቱ እዚያ ሲደርስ ይቀዘቅዝና ውሃ ይሆናል፣ ውሃውም መመለሻ አጥቶ ይጠራቀማል፣ ተከታዩ እንፋሎት ሲመጣ አንስቶ ከክዳኑ ጋር ያላትመዋል። ክዳኑም ከምት ብዛት ማንጠብጠብ ጀምሯል። ቦይለሩን አጥፍቼ እስኪበርድ ጠበቅኩ። ክዳኑ አልፈታም አለ፤ ዘይት አጠጣሁት፣ ሰደብኩት፣ መጨረሻ ላይ ተለቀቀና ያዘለውን ዝገታም ውሃ እጅጌዬ ውስጥ ደፋብኝ። የቧንቧውን ጥርስ በሽቦ ብሩሽ ፈትጌ፣ ውሃ እንዳያሳልፍ ቴፍሎን ጠምጥሜ አዲስ ክዳን አሰርኩበት። ማንጠልጠያውን አሳጥሬ ጫፉን ከፍ አደረግኩት፣ ውሃው ከእንግዲህ በራሱ ወደ ቦይለሩ እንዲወርድ። አስነሳሁት። ፀጥ አለ። በራሴ ኮራሁ፤ የሚያመሰግነኝ ሰው ግን አልነበረም።

ቅዳሜ ጠዋት ሻንጣቸው በር ላይ ቆሟል። ቁርስ ስንበላ ወደ ግድግዳው ዞር ብለው፣

«ጎረቤታችሁ ቤት ለቀቀ እንዴ?» አሉ።

«አለቀቀም። ምነው?»

«ዝም አለ።»

ከዚያ ቀስ በቀስ አወጡት። ጎህ ሲቀድ ተነስተው ዳዊት ይደግማሉ፤ እንደ ልማዳቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ነው። ገና ከመጀመራቸው ሰውዬው ግድግዳውን ይደበድባል። ድምፃቸውን ቢቀንሱም ይደበድባል። በሹክሹክታ ቢሆንም ይደበድባል። ያን ሰሞን ዳቦ ጋግረው በባለቤቴ እጅ የላኩለት ለካ ለእርቅ ኖሯል።

«ዳቦዬን በልቶ በማግስቱ ደበደበ» አሉ። «ከዚያ ልቤ ሻከረበት። ሰው ተቀይሜ እንዴት ቆሜ እጸልያለሁ? ተውኩት። እሱ ግን መደብደቡን አልተወም። ለእናንተ እንዳልነግር ደግሞ ከሰው ላጣላችሁ ነው።»

ቦይለሩ በዚያ ሰዓት እንዲነሳ ቴርሞስታቱን ያስተካከልኩት እኔ ነኝ፤ ለጸሎት ሲነሱ እንዳይበርዳቸው ብዬ።

«እማማ፣ እሱ እኮ አይደለም፣ ቧንቧ ነው። ሐሙስ ፊክስ አደረግኩት» አልኳቸው። አላመኑኝም። ምድር ቤት ይዣቸው ወርጄ ቧንቧውን በመፍቻ ድው፣ ድው አደረግኩላቸው። ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ።

«እንግዲያ ሰውየውን በከንቱ ነው የተቀየምኩት» አሉ። ወዲያው ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሱ። «ና፣ አስተርጉምልኝ። ይቅርታ ልጠይቀው።»

«ኧረ እማማ፣ እሱ ምንም አያውቅም።»

«እኔ አውቃለሁ።»

ጎረቤታችን ሚስቱ የሞተችበት ሽማግሌ ነው። በር ሲከፍት የያዝኩት ነገር በእንግሊዝኛ እንዴት እንደሚባል ጨነቀኝ። በልብ የተቀየሙትን ሰው ሄዶ ማረኝ ማለት እኛ ዘንድ ያለ ነው፤ እዚህ ሰውን ማስደንገጥ ነው። ቢሆንም ሳልቆርጥ ሳልቀጥል ነገርኩት። ሰውዬው መጀመሪያ ዳቦውን አመሰገነ። ቀጥሎም፣ በየጠዋቱ ድምፃቸው በግድግዳው ውስጥ ይሰማው እንደነበር፣ ምን እንደሚሉ ባያውቅም ቡናውን እየጠጣ ያዳምጥ እንደነበር ነገረኝ። ቀን ሙሉ ቤቱ ውስጥ የሚሰማው የሰው ድምፅ እሱ ብቻ ነበር። ሲጠፋበት ሴትዮዋ ታመሙ ብሎ ሰግቷል፤ ለመጠየቅ ግን አፈረ።

ተረጎምኩላቸው። ጎንበስ ብለው እጅ ነሱትና ወደ ቤት ተመለስን።

የመኪናውን ቁልፍ አነሳሁ። ባለቤቴ ሻንጣውን ላለማየት ዕቃ ታጥባለች።

«እንሂድ እማማ? ልጅዎ ይጠብቃል።»

«ደውልና አልመጣም በለው» አሉ ነጠላቸውን እያወለቁ። «ነገ ጠዋት ሰውዬው ይጠብቀኛል።»