ባልዲውን የደፋችው አክስቴ

አክስቴ በአንድ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል አሥራ አንድ ዓመት ሠርታለች። መስኮት የሌለው ምድር ቤት ነበር፤ ግድግዳው ያልበዋል፣ ማሽኖቹ ይንቀጠቀጣሉ፣ ሴቶቹ ለመሰማማት ይጮኻሉ። የእሷ ሥራ ነጭ አንሶላ ነው። እድፉ ደም ይሁን የከንፈር ቀለም ገና ከሩቁ ትለየዋለች። አንደበቷ ስለሚያቃጥል «በረኪና» ይሏታል።

የመጀመሪያ ልጇን በሰባት ወሯ ወልዳ በሦስተኛው ቀን አጥታዋለች። ሰዉ «ዕድሜው ይኸው ነው» አላት። ሁለተኛውን ስታረግዝ፣ በስድስተኛው ወር ላይ፣ በመጀመሪያው ጊዜ ይዟት የነበረው ነገር ተመለሰ፤ ማሳከክ፣ ቢጫ ፈሳሽ፣ አንገት የሚያስደፋ ሽታ።

ለጓደኛዋ ለልብስ ተኳሿ በሹክሹክታ ነገረቻት።

«ይሄ ነው ያስጨነቀሽ? ለብ ያለ ውሃ፣ የዱቄት ሳሙና፣ ውስጥ ድረስ» አለች ተኳሿ። «እኛን ያቃተን ሽታ አለ እንዴ?»

እዚያ ቤት ሁሉም እንዲህ ያደርጉ ነበር። እድፍ ሲያስለቅቁ ስለሚውሉ የማይለቅ ነገር ያለ አይመስላቸውም። አክስቴም በመጀመሪያው እርግዝና በየቀኑ እንዲሁ ትታጠብ ነበር፤ ግን ምንም አልረዳትም። አሁንም ባልዲውን ሞልታ፣ ሳሙናውን በጥብጣ፣ ጥቂት ቆማ አየችው። ከዚያ ደፋችውና ሽርጧን ፈታች።

«ወዴት ነው? አንሶላውን ማን ሊያጥፈው?» አለች ኃላፊዋ።

«እርስዎም እኮ እጅ አለዎት፣ እትዬ።»

ጤና ጣቢያ፣ አዋላጇ ናሙና ወስዳ በማይክሮስኮፕ አስመረመረችው።

«በግንኙነት የሚተላለፍ ኢንፌክሽን ነው፤ ይድናል» አለቻት። «ካልታከመ ግን ምጡ ያለጊዜው ሊመጣ፣ ልጁም ክብደቱ አንሶ ሊወለድ ይችላል። ሳሙናውን ተይው፤ ከበሽታ የሚጠብቅሽን ጥሩ ባክቴሪያ ነው አጥቦ የሚያወጣው።»

«የመጀመሪያዬም በዚህ ነው የሄደብኝ?»

«አሁን ማወቅ አይቻልም፣ እህቴ።»

«ያኔስ ይቻል ነበር። የመረመረኝ የለም እንጂ።»

መድኃኒቱ ለሁለት ሰው ነበር፤ ባሏ ካልወሰደ ተመልሶ ይይዛታል። ባሏ የጋራዥ መካኒክ ነው።

«እኔ ምን ሆንኩና? ምንም አያመኝም» አለ። «ሰው ቢሰማ ምን ይለኛል?»

«ሰው ባለፈው ጊዜ ዕድሜው ነው አለኝ። የሰው ነገር ይብቃኝ። ማን እንዳመጣውም አልጠየቅኩህ። ዋጥ።»

«እሺ፣ መጀመሪያ ራት አቅርቢ።»

«መጀመሪያ ኪኒኑ።»

እጇን አጣምራ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ዋጠ። አፉን አስከፍታ ከምላሱ ሥር ሳይቀር አየች።

በማግስቱ የማሽኑን ጩኸት በሚበልጥ ድምፅ ሁሉንም ለሴቶቹ ነገረቻቸው።

«ኧረ ቀስ በይ፣ ወንዶቹ ይሰማሉ» አለች ተኳሿ።

«ይስሙ። የታዘዘለትም ይዋጥ።»

ሰባተኛው ወር ሲገባ ሳቋ ጠፋ። ወገቧን ቆረጥ ባደረጋት ቁጥር አንሶላውን እንደያዘች ትቆም ነበር። ስምንተኛው ገባ፤ ዘጠነኛውም። ወንድ ልጅ ወለደች።

«ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ» አለች አዋላጇ።

«ድገሚና መዝኚው።»

«ሚዛኑ አይዋሽም፣ እናቴ።»

«አይዋሽም። እኔ እያየሁ መዝኚው» አለች አክስቴ፣ በክርኗ ቀና ብላ።